ሁለት ዓመት ከማን ላይ ይቀነሳል?

አሶሳ ውስጥ ኳስ የሚችል ልጅ ሁለት ዕድሜ አለው። አንዱ የቤት ዕድሜው ነው፤ እናቱ የምታውቀው። ሌላው የሜዳ ዕድሜው ነው፤ አሰልጣኙ የሚያውቀው። “ስንት ዓመትህ ነው?” ስለው “ለየትኛው ውድድር?” ብሎ የመለሰልኝ ልጅ አለ፤ እየቀለደ አልነበረም። ይህን የምለው አሶሳን ለይቼ ለማማት አይደለም። ባህር ዳርም፣ ሀዋሳም፣ አዲስ አበባም ያው ነው፤ ከኢትዮጵያ ወጥተን ካሜሩን ብንሄድም ወሬው አይለወጥም። የማስተምረው፣ ከሰዓት በኋላም የትምህርት ቤቱን ቡድን ይዤ ሜዳ የምውለው ግን አሶሳ ስለሆነ የማውቀውን ልናገር ብዬ ነው።

የሃይስኩል ተጫዋች “እንዴት ልመረጥ?” ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው ምክር ሁሉም ጋ አንድ ነው። ጠንክር፣ በሁለቱም እግርህ ተለማመድ፣ ጫት ይቅርብህ፣ በጊዜ ተኛ፣ አሰልጣኝህን ስማ። ጥሩ ምክር ነው፤ ማንንም አያስከፋም። ከዚያ የምዝገባ ፎርም ይመጣል። “የትውልድ ዘመን” ከሚለው ባዶ ቦታ ሲደረስ መካሪው ሁሉ ፊቱን ያዞራል፤ ልጁ እስክሪብቶ እንደያዘ ብቻውን ይቀራል። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚያች ባዶ ቦታ ነው።

አምና አንድ ተማሪዬ እንዲህ ያለ ፎርም ይዞ መጣ። ከ17 ዓመት በታች ምልመላ ነው። አጥቂ ነው፤ ኳስ ሲቀበል ፊቱን ወደ ጎል አዙሮ ነው የሚቀበለው፣ ይሄ ደግሞ በስልጠና የሚመጣ ነገር አይመስለኝም። የተወለደው በመስከረም 2000 ነው። ሰፈሩ ሁሉ “ሚሌኒየም” እያለ ሲጨፍር እሷ ምጥ ላይ እንደነበረች እናቱ ለሰማ ሁሉ ስትናገር ኖራለች። ስለዚህ ይሄ ልጅ እንደ ብዙዎቹ “ዕድሜዬን በትክክል አላውቀውም” ማለት አይችልም። አንድ አሰልጣኝ “2002 በለውና ና” ብሎታል። ሁለት ዓመት ብቻ፤ አንድ ቁጥር መቀየር።

“ይቅርብህ” ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። “ቲቸር፣ ሁለቱን ዓመት እኔ አልበላኋቸውም፤ ተበልተውብኝ ነው። የራሴን ባስመልስ ሌባ እባላለሁ?”

ልጁ የመጣው ከመተከል ነው። በ2013 ዓ.ም. መተከል ላይ የሆነውን የማያስታውስ አንባቢ ካለ፦ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ የተፈናቀለበት፣ ብዙ ሰው ያለቀበት ጊዜ ነው። እሱ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። ከቤተሰቡ ጋር ቻግኒ አጠገብ በነበረው የራንች መጠለያ ቆየ፣ ከዚያ አሶሳ ያለ አጎቱ ዘንድ መጣ። በመሃል ትምህርት የለም፣ ኳስ የለም፣ ሜዳም የለም። አንድ ታዳጊ አካሉም ችሎታውም የሚቀረጽበት ዕድሜ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሕይወቱ ተቆርጦ ወጣ። አሁን “የእነዚያን ሁለት ዓመታት ሂሳብ መልሱልኝ” እያለ ነው። እውነቱን ለመናገር ዕድሜ ለመቀነስ እስከዛሬ ከሰማኋቸው ምክንያቶች ሁሉ የዚህ ልጅ ጠንካራው ነው። “ውሸት ኃጢአት ነው” ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፈው ሰው ጥያቄውን አልሰማውም ማለት ነው።

ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በወለጋ በኩል ያለው መንገድ በጸጥታው ምክንያት ለዓመታት ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። አውሮፕላን አለ፤ ግን ለሙከራ የሚሄድ የሃይስኩል ተማሪ በአውሮፕላን አይሄድም። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መተላለፍ በጀመሩበት በ2013 የውድድር ዘመን ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ ነበር የሚጫወቱት፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ። ሊጉ ስልካችን ውስጥ ገባ፤ ደጃችን ግን አልመጣም። የአዲስ አበባ ልጅ በ12 ዓመቱ ፕሮጀክት ገብቶ ኮን እየዞረ ሲሰለጥን የሸርቆሌ ወይም የመንጌ ልጅ እውነተኛ አሰልጣኝ የሚያየው 16 ሲሞላው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሁለቱን እኩል አሰልፎ “ከ17 በታች” ማለት ፍትሐዊ የሚመስለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ስም አለ፤ ሳላዲን ሰኢድ። ከዚሁ ክልል የተገኘ፣ በሙገር ሲሚንቶና በቅዱስ ጊዮርጊስ አልፎ ግብፅ ውስጥ ለዋዲ ደግላና ለአል አህሊ፣ ቤልጂየም ውስጥ ለሊርስ የተጫወተ። በጥቅምት 2005 አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ አንዱን ጎል አዳነ ግርማ፣ አንዱን እሱ ነው ያገባው። “ሳላዲን ወጥቷል፣ አንተም ትወጣለህ” የሚለውን ምክር ግን እኔ አልወደውም። አንድ ሰው ዋኝቶ ስለተሻገረ ወንዙ ድልድይ አለው አይባልም። እንዲህ ያለው ምክር ልጁን የሚያበረታታ ይመስላል እንጂ ውስጡ “ካልወጣህ ጥፋቱ ያንተ ነው” የሚል ነገር አለው።

ስለ ወረቀቱም እንነጋገር። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በሥርዓት የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከ100 ወደ 3 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ዛሬ ሃይስኩል ያለው ልጅ ሁሉ ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። የልደት ካርዱ ላይ ያለው ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አንደኛ ክፍል ሊመዘገብ ሲሄድ አባቱ ከተናገረው ነው፤ አባቱ ደግሞ ልጁ ትምህርት እንዲገባለት ጨምሮ፣ ወይም እንዳያልፍበት ቀንሶ ተናግሮ ሊሆን ይችላል። የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀላቀል ሌላ ሰባት ስምንት ዓመት ወዲያና ወዲህ ይላል። (ፓስፖርቱ ላይ ከታናሽ እህቱ ያነሰ ሰው አውቃለሁ፤ በዓል ሲመጣ ምርቃት የምትሰጠው እሷ ትሁን እያሉ ይስቁበታል።)

ስለዚህ ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ልጅ “16 ነኝ” ቢል ውሸታም አይባልም። ግምቱን ነው የተናገረው። ውሸት የሚሆነው አንዱን እያወቁ ሌላውን ሲናገሩ ነው፤ የሚሌኒየሙ ልጅ ግን ያውቃል። ይህን ልዩነት መያዝ አለብን ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም “እዚህ አገር የማንም ዕድሜ አይታወቅም” የሚለው አባባል፣ በእውነት የማያውቁትን ሰዎች ችግር እያወቁ ለሚቀንሱት መደበቂያ አድርጎታል።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። የራሱን ቢያስመልስ ሌባ ይባላል?

እኔ መልሱ ያለው “ከማን?” በሚለው ላይ ይመስለኛል። ሁለቱን ዓመታት ማን ወሰደበት? ግጭቱ፣ ርቀቱ፣ የተዘጋው መንገድ፣ አሰልጣኝ ለመቅጠር ያልበቃው በጀት። ፎርሙ ላይ 2002 ብሎ ሲጽፍ ግን ከእነዚህ ከአንዳቸውም ላይ ምንም አይቀነስም። ምልመላው ውስን ቦታ ነው ያለው። ከክልላችን ሁለት ልጅ ይወሰዳል እንበል። የሚሌኒየሙ ልጅ ከገባ የሚወጣው የአዲስ አበባው የፕሮጀክት ልጅ አይሆንም፤ ከባምባሲ ወይም ከሆሞሻ በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣ፣ በእውነት 15 ዓመት የሆነው፣ ሰውነቱ ገና ያልሞላ ተከላካይ ነው። ርቀቱ እሱም ላይ አለ። ድህነቱም እሱ ላይ አለ። ባለዕዳው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ።

የዚያን ተከላካይ ቀን አስቡት። ከእሱ በሁለት ዓመት ተኩል የሚበልጥ አጥቂ ፊት ቆመ። በትከሻ ተገፋ፣ በሩጫ ተቀደመ፣ በጭንቅላት ኳስ ተበለጠ። መልማዩ ደብተሩ ላይ ሰረዝ አደረገበት። ኪሱ የተበረበረ ሰው ቢያንስ ኪሱን ዳብሶ “ተሰርቄያለሁ” ይላል። ይሄ ልጅ ግን መሰረቁን አያውቅም፤ ደካማ መሆኑን “ያወቀ” መስሎት ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። ታኬታውን ለታናሹ ይሰጣል። ማንም ስላላየው ማንም አይከራከርለትም፤ እሱም ራሱ አይከራከርም። ዕድሜ መቀነስ ላይ የሚከፋኝ ከምንም በላይ ይሄ ነው።

ካልተወ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት “ሁሉም እንደዚያ ነው” ብሎ እሱም ይቀንሳል። ከሱ በታች ላለው ይተርፋል። በዚህ መንገድ ከ17 በታች የሚባለው ውድድር የ19 ዓመት ወጣቶች ውድድር ይሆናል፤ አንዴ ሁሉም ከቀነሰ በኋላ ደግሞ መቀነሱ ለማንም ጥቅም የለውም። ሁለት የቀነሰ ሦስት ከቀነሰ ጋር ይጋጠማል። ውሸቱ የሚሠራው እውነቱን የሚናገሩ ልጆች እስካሉ ድረስ ነው፤ የሚኖረው በእነሱ ላይ ነው።

“ትያዛለህ” ብሎ ማስፈራራትም ይቻላል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ ከተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እያስነሳ ነው። አንጓው አጠገብ ያለው አጥንት የሚያድግበት መስመር ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ባለቤቱ 17 አልፎታል ተብሎ ይወሰዳል። በጥር 2015 ካሜሩን ውስጥ ሳሙኤል ኤቶ የሚመራው ፌዴሬሽን ከ17 በታች ቡድኑን ሲያስመረምር ከ30 ተጫዋቾች 21ዱ ወድቀዋል። ከ30፣ 21! ቡድኑን እንደ አዲስ መሥራት ነበረባቸው።

ግን በማሽኑ ማስፈራራት ደስ አይለኝም። አንደኛ፣ አሶሳ ሜዳ ላይ ኤምአርአይ የለም፤ ልጁም ይህን ያውቃል። ሁለተኛ፣ መያዝ ብቻ ከሆነ ነገሩ፣ ጥያቄው ወደ “እንዴት አልያዝም?” ይዞራል። ፕላቶ ያደረገውን ሰው የማይታይ ስለሚያደርግ ቀለበት ጽፏል፤ የሚያየን በሌለበት ትክክል የሆነውን እናደርጋለን ወይ ነው ጥያቄው። የአሶሳ ልጅ ያንን ቀለበት ገና በ15 ዓመቱ ጣቱ ላይ ያጠልቁለታል። ሰነድ የለም፣ ማሽን የለም፣ ጠያቂ የለም። ስለዚህ የምንሰጠው ምክንያት ማሽን በሌለበትም የሚቆም መሆን አለበት። ለእኔ የሚቆመው ያ የባምባሲ ተከላካይ ነው።

ሌላም ብዙ ልጆች የማያውቁት ነገር አለ፤ የገንዘብ ነገር ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ይህ የፊፋ ደንብ ነው። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን ከጠቅላላው 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ። ትንሽ ይመስላል። አንድ ልጅ በ1 ሚሊዮን ዶላር ተዛወረ እንበል፤ ከ12 እስከ 15 ባለው ዕድሜው ሦስት ዓመት ያሰለጠነው የተመዘገበ ክለብ 7,500 ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህ ብር አሶሳ ላለ የታዳጊ ቡድን ስንት ኳስ፣ ስንት ማልያ፣ የስንት ዓመት የአሰልጣኝ አበል እንደሆነ አስሉት።

ይህ ገንዘብ የሚመጣው ግን በወረቀት ነው። ልጁ በየትኛው ዕድሜው የት ተመዝግቦ እንደተጫወተ መታወቅ አለበት። ዕድሜ ሲቀነስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስምም አብሮ ይቀየራል፣ የድሮው ምዝገባ እንዳይገኝ። ያኔ የሚጠፋው አንድ ቁጥር ብቻ አይሆንም። ያሳደገህ ሜዳ፣ ያለ ክፍያ ያሰለጠነህ ሰው፣ ታኬታ ያዋሰህ ጓደኛህ ከታሪክህ ይፋቃሉ። ርቀት አሶሳን ከካርታው ያወጣታል ብለን እናማርራለን፤ ከዚያ የወጣው ልጃችን በገዛ እጁ ሁለተኛ ያወጣታል።

ሰው ልውቀስ ከተባልኩ ግን ልጁን አይደለም የምወቅሰው። የ17 ዓመት ልጅ ይህን ከራሱ አያመነጭም። የሚነግረው ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ የሚያምነው ሰው ነው። የታዳጊ አሰልጣኝ የሚመዘነው በዋንጫ ነው። ስንት ልጅ አሳደገ፣ ስንቱ ትምህርቱን ጨረሰ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ስንተኛ ወጣ ነው። ዋንጫ ደግሞ በ15 ዓመት ልጅ ከመፈለግ በ18 ዓመት ወጣት መፈለግ ይቀላል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የምንለው ስለ ሹመኛ ብቻ ይመስለናል እንጂ ኳስ ሜዳም ደርሷል። አሰልጣኙ ዋንጫውን ይዞ ይሄዳል። ውሸቱን ዕድሜ ልኩን የሚሸከመው ልጁ ነው፤ በ28 ዓመቱ ፓስፖርቱ 26 እያለው ጉልበቱ 28 የሚለው፣ የትዳር ወረቀት ሲፈርም ሳይቀር የትኛውን ዕድሜ እንደሚሞላ የሚያስብ።

ምክር ስንሰጥ የምናበላሸው ሌላ ነገር ደግሞ “ኳሱን ተወውና ተማር፣ ትምህርት ዋስትና ነው” የምንለው ነው። መምህር ነኝ፤ ይህን ለማለት ከማንም በላይ ይቀርበኛል። ግን ልጆቹ ቁጥር ያውቃሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015፣ 3.2 በመቶ። በ2016፣ 5.4 በመቶ። አሜሪካ ውስጥ ከሃይስኩል ወንድ ኳስ ተጫዋቾች በኤንሲኤኤ ውድድሮች በኮሌጅ ደረጃ ለመጫወት የሚበቁት ከ100 ወደ 5 ወይም 6 ናቸው፤ እዚያ የኮሌጅ አሰልጣኝ ራሱ ሃይስኩል ድረስ ሄዶ ልጅ ይመርጣል፣ ለአንዳንዱም ክፍያውን ይሸፍንለታል። እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባህ ውጤትህ እንጂ እግርህ አይደለም። እናም የኛ የፈተና በር ከእነሱ የኳስ በር የጠበበበት ዓመት አይተናል። ይህን የሚያውቅ ልጅ “ኳስ ቁማር ነው፣ ትምህርት ዋስትና ነው” ሲባል ፊት ለፊት ባይስቅ ጨዋ ሆኖ ነው።

የሁለቱ ልዩነት ሌላ ቦታ ነው ያለው። የ12ኛ ክፍል ፈተና “ከ17 ዓመት በታች” አይልም። ከመተከል ተፈናቅሎ ሁለት ዓመት የዘገየ ልጅ በ20 ዓመቱ ቢፈተን ማንም ከወረቀቱ ላይ ነጥብ አይቀንስበትም። ደግሞ መፈተን ይቻላል፤ ሪሚዲያልም አለ። ትምህርት ዋስትና ላይሆን ይችላል፣ ግን የዘገየን ሰው ይጠብቃል፤ ለመግባት ደግሞ ከታናሽህ ላይ መውሰድ አይጠበቅብህም። ለተማሪዬ ያልኩት በግርድፉ ይህን ነው።

ፎርሙ ላይ 2000 ብሎ ጻፈ። ምልመላው ቦታ ሲደርስ ወረቀቱን ያየው ሰው ታኬታውን እንኳ ሳያደርግ “አልፈሃል፣ ቀጣይ” አለው። በሁለት ቃል አለቀ። ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ሂሳቡን የከፈለው ግን እሱ ነው። ከሱ ጋር አብሮ የሄደ፣ እንደሚበልጠው ሁላችንም የምናውቀው ልጅ ተመርጦ ተመልሷል። ለሳምንት ያህል ክፍል ውስጥ ሳየው ዓይኑን ይሰብራል። እውነት የተናገረ ሰው የሚያገኘው ይህ ከሆነ፣ “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ብዬ ልሰብከው አልደፈርኩም። “ሌሊቱ ስንት ሰዓት ነው?” ቢለኝ መልስ የለኝማ።

ያደረግነው ሌላ ነገር ነው። ከ17 በታች በሩ ከተዘጋ የዋናው ቡድን በር የዕድሜ ጣሪያ የለውም። የክለቦች የተስፋ ቡድን አለ፣ የታችኞቹ ሊጎች አሉ። ጄሚ ቫርዲ እስከ 25 ዓመቱ ከእንግሊዝ አራቱ የሊግ እርከኖች በታች ባሉ ክለቦች ሲጫወት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ሌስተር ገባ፣ በ2016 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። (በርግጥ እንግሊዝ ከታች ብዙ እርከን ሊግ አለ፤ እኛ ጋ ከታች ያለው ሳስቶ ነው። ይህንንም ነግሬዋለሁ።) አሁን ከአዋቂዎች ጋር በከተማው ውድድር ይጫወታል። ትከሻ ለትከሻ ሲገፉት መጀመሪያ ወደቀ፤ አሁን ኳሷን ቶሎ መልቀቅ ተምሯል። ጨዋታውን በስልክ እንቀርጻለን፤ ጎሎቹን ብቻ ቆራርጠን አይደለም፣ 90 ደቂቃውን፣ ኳስ ሳይዝ የት እንደሚቆምም እንዲታይ። በቴሌግራም “ዱባይ ሙከራ አስገባሃለሁ፣ መጀመሪያ ይህን ያህል ብር ላክ” ያለው ሰውም ነበር። ይህን የምታነብ ተጫዋች ካለህ፦ ለሙከራ አስቀድሞ ብር የሚጠይቅህን ሰው አትመን። 18 ያልሞላው ልጅ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአገር ወደ አገር መዛወር እንደማይችል ፊፋ በደንብ ከልክሏል፤ ወኪል ነኝ የሚልህም የፊፋ ፈቃድ ከሌለው ወኪል አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ለቡድናችን አንድ ደብተር ገዝቻለሁ። የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም ከነአያቱ፣ ቀበሌውን፣ መቼ ከእኛ ጋር መጫወት እንደጀመረ እጽፋለሁ። ለትውልድ ዘመኑ ሁለት ዓምድ ነው ያለው፤ በአንዱ ዓመቱ፣ በሌላው “በምን ታወቀ” የሚል። እንደ ሰነድ የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ላይኖር ይችላል። ግን ግምቱ ግምት ተብሎ፣ የታወቀው የታወቀ ተብሎ ይቀመጣል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ አሰልጣኝ መጥቶ “2005 በለው” ሲል ደብተሩ እዚያው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አዲስ ተከላካይ ከእናቱ ጋር መጣ። ቀጭን ነው፣ እግሩ ከሰውነቱ ቀድሞ ያደገ። የልደት ካርድ የለውም። እናቱን ዓመቱን ስጠይቃቸው ጣታቸውን ቆጠሩ፣ ተዉት፣ ከዚያ “ግድቡ ተጀመረ ብለው በሬዲዮ ሲያወሩ ጡት ላይ ነበር፤ ጥርስ ገና አላወጣም” አሉኝ። የግድቡ መሠረት ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ነው። አብረን ወደ ኋላ ቆጠርን። በመጀመሪያው ዓምድ “2003፣ መስከረምና ታኅሣሥ መካከል” ብዬ ጻፍኩ፤ በሁለተኛው ደግሞ “እናቱ፣ በግድቡ”።